ዳር ያዙ

«ለእሷ ምን ያደርግላታል?» የሚለውን የልጇን ድምፅ ንግሥቴ የሰማችው ጓዳ ውስጥ ቁጢጥ ብላ የበርበሬ ጆንያ አፍ ስትሰፋ ነበር። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ከወዲያ ያለው ሳሎን ውስጥ ሰው ሲያዛጋ እንኳ ይሰማል። ልጇ ይታገሱ ቡሬ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ከሚስቱ ጋር የሚኖረው ከእናቱ ግቢ ውስጥ ነው። ሥራ ከመግባቱ በፊት ከአጎቱ ከባዬ ጋር ቁርስ ቀርበዋል። ባዬ የንግሥቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ትናንት ከሽንዲ መጥቶ እዚሁ አደረ። ለቅሶ ለመድረስ ነው የመጣሁት ብሎ ነበር።

«አለበል ኮሌጅ ሊገባ ነው፣ ኮምፒውተሩ ለትምህርቱ ይሆነዋል» አለ ይታገሱ። አለበል የባዬ የመጨረሻ ልጅ ነው። «እሷ የልጅ መጫወቻ ላይ አፍጥጣ ነው የምትውል። የተከበረች ነጋዴ ናት፤ ሰው ቢያይ ምን ይላል? እኔማ አፍሬ ጓደኛ ወደ ቤት ማምጣት ትቻለሁ።»

ባዬ ጉርሻውን ዋጠና «በምሳ ላይ እኔ እነግራታለሁ» አለ። «እኔን እንቢ አትልም።»

ንግሥቴ መርፌዋን አላቆመችም። የጆንያውን አፍ ዳር እስከ ዳር ሰፍታ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ጆንያውን ከሌሎቹ ጎን አስጠጋችው።  የከነከናት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጇ ኮምፒውተሩ እንዲወሰድ መፈለጉ ሳይሆን፣ ይህን ያህል ጊዜ በአንድ ግቢ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ በሩን ገፋ አድርጎ «እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» ብሎ አለመጠየቁ። የበርበሬው ማቃጠል ከጣቷ እንዲለቅ እጇን ደጋግማ በሳሙና ታጠበች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ ቦርሳዋን አነሣች። ወደ ፍኖተ ሰላም መሄዱን ስታስብ ስትተወው ሰንብታለች። ዛሬ ልትተወው አልፈለገችም።

ሳሎን ስትገባ ሁለቱም ወዲያው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ባዬ ዘንድሮ ሽንዲ ላይ በቆሎው ጥሩ እንደያዘ ነገራት። እሷም ደግ ነው አለች። ይታገሱ ሻዩን እያማሰለ ቀና ሳይል «የት ልትሄጂ ነው?» አላት።

«ፍኖተ ሰላም። ዕቃ ልገዛ።»

«መንገዱ ሰላም ነው?» አለ ባዬ።

«ዛሬስ ክፍት ነው ይላሉ። እስከ ምሳ እመለሳለሁ ወንድም ጋሼ፤ እርስዎ እንዳይሄዱብኝ።»

«ኧረ እጠብቅሻለሁ» አለ ባዬ፣ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ።

ኮምፒውተሩ ያለው መኝታ ቤቷ ውስጥ ነው፤ በአልጋዋና በጆንያዎቹ መካከል፣ በድሮው የልብስ ስፌት ጠረጴዛዋ ላይ። አንድ ጎኑ መስታወት ነው። የበርበሬ ብናኝ እንዳይገባበት ራሷ የሰፋችለት ነጭ ሽፋን አለው። የገዛችው የግቢዋን የፊት ክፍል ተከራይቶ ጌም ቤት ከፍቶ ከነበረ ጎረምሳ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር ከነመሪው ከነፔዳሉ ወሰደችለት። የምትጫወተው አንድ ጌም ብቻ ነው፤ ጭነት መኪና መንዳት። ዕድሜዋን ሙሉ በርበሬ ስታስጭን የኖረች ሴት ናት። ሹፌር ለምናለች፣ ረዳት ተቆጥታለች፣ ጋቢና ውስጥ በሁለት ወንዶች መካከል ተጣብቃ አዲስ አበባ ድረስ ተመላልሳለች። መሪ ይዛ ግን አታውቅም። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ጋቢናውም ቀርቷል፤ በርበሬውን ለደላላ እያስረከበች ቤቷ ትውላለች። ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግታ መሪውን ስትይዝ ግን መንገድ አይዘጋባትም። ድልድይ ታልፋለች፣ ነዳጅ ትቀዳለች፣ ሚዛን ላይ ትቆማለች። ችግሩ ተራራው ላይ ነው። ዳገቱ መሐል ዝናብ ሲጀምር ስክሪኑ ቀጥ ይላል፤ ተመልሶ ሲነቃ መኪናዋ ገደል ውስጥ ናት። ያ ጎረምሳ በስልክ «እትዬ፣ ራሙ አንሶ ነው» ብሏታል። «ራም ማለት ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ተሸክሞ የሚቆይበት ነው። እንደ ጫኝ ትከሻ ይቁጠሩት፤ ሲከብደው ይጥለዋል።» ይህ ገብቷታል። ትከሻ ታውቃለች።

ማንኩሳ ላይ ሚኒባሱ ለፍተሻ ቆመ። ሁሉም ወርዶ መታወቂያውን እያሳየ ተመልሶ ገባ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ዶሮዋን በጉልበቷ ይዛ «ለገበያ ነው?» አለቻት።

«ለመኪናዬ ዕቃ ልገዛ ነው።»

«መኪና አለዎት? ኢሱዙ ነው?»

«ከኢሱዙም ይበልጣል» አለች ንግሥቴ፤ ሴትዮዋም ከዚያ ወዲያ ዶሮዋን ትንሽ ራቅ አድርጋ በአክብሮት ተቀመጠች።

ሱቁ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከአንድ ፋርማሲ ጎን ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅበት ጠባብ ክፍል። የሱቁ ባለቤት ያምሮት የምትባል ወጣት ናት፤ ካቻቢቴዋን ይዛ የአንድ ላፕቶፕ ሆድ ከፍታለች። ንግሥቴ ያላት ስምንት ጊጋ ራም ስላነሳት ሌላ እንደምትፈልግ ስትነግራት፣ ያምሮት እጇን ሳታቆም «ልጅዎ ምን ዓይነት ጌም ነው የሚጫወተው?» አለቻት።

«ልጄ አይጫወትም። የምጫወተው እኔ ነኝ። ጭነት መኪና ነው የምነዳ።»

ያምሮት ቀና አለች። ሳቅ ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን ፊት ለፊቷ የቆመችው ሴት የበርበሬ ዋጋ እንደሚነጋገር ሰው ቀጥ ብላ ታያት ነበርና ሳቁ ተመለሰ። «ስንት ቶን ይጭናል?» አለች በመጨረሻ።

«አርባ።»

«እንዲያ ከሆነማ ስምንት ጊጋ አይችለውም» አለች ያምሮት፣ ላፕቶፑንም ወደ ጎን ገፋችው።

ንግሥቴ ስልኳን አውጥታ የኮምፒውተሩን ሆድ ያነሣችበትን ፎቶ አሳየቻት። ያለውን ራም ጽሑፍ አቅርባ አንሥታዋለች፤ ሌላው ፎቶ ላይ ደግሞ ለልክ ብላ ክብሪት አስቀምጣለች። ያምሮት ፎቶውን አስፍታ እያየች ክብሪቱ ጋ ስትደርስ «እሰይ» አለች ለራሷ። ከዚያ የባንኮኒው መስታወት ላይ ሦስት ዓይነት ደረደረችላት። የመጀመሪያው ልብስ የሌለው ነው፤ አረንጓዴ ሳንቃ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገሮች ተለጥፈውበታል። ሁለተኛው እንደ ዘውድ ጫፍ ጫፍ አለው፤ መብራቱ ሲለኮስ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እየተሯሯጠ ዓይን ያጭበረብራል። ፍኖተ ሰላም ያሉ ጎረምሶች ሁሉ የሚፈልጉት ይህን ነው አለቻት፤ ለእሷ ኮምፒውተር ግን አይሆንም። ቁመቱ ረጅም ነው፣ ከላይ ያለው ትልቅ ፋን ይነካዋል። ሦስተኛው ጥቁር ብረት የለበሰ፣ ዝቅ ያለ፣ ጌጥ የሌለው ነው። አናቱ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ግን ይነቀላል፤ በካርቶኑ ውስጥ ነጭ፣ ብርማና ብርሃን የሚያሳልፍ ሌላ ሽፋን አብሮ ይመጣል። በሽፋኑ ሥር ላለው መብራት የፈለጉትን ቀለም ይሰጡታል፣ ሽፋኑ ላይም የፈለጉትን ይጽፉበታል።

«ብቻ ልዋሽዎት አልፈልግም» አለች ያምሮት። «መብራቱም ሽፋኑም ፍጥነት አይጨምርም። ልብስ የሌለው ይኼ በዋጋ በጣም ይቀላል፤ ሥራው አንድ ነው።»

«የጭነት መኪና ግንባር ላይ የሚደረደረው መብራትስ ፍጥነት ይጨምራል?» አለች ንግሥቴ። «ሹፌሩ ለምን ይመስልሻል የሚገዛው? መኪናው የእሱ መሆኑን ከሩቅ ሊያይ ነው።» ሦስተኛውን አንሥታ በመዳፏ መዘነችው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ጠርዙ አይቧጭርም። ዕድሜዋን ሙሉ የገዛችው ዕቃ ለሚስት፣ ለእናት፣ ለነጋዴ የሚሆን ነበር፤ ድስቱም፣ ሚዛኑም፣ ጆንያውም። ለዓይኗ ብላ የገዛችው ምን እንደሆነ ብታስብ አልመጣላትም። «ይህን ነው የምወስድ» አለች። «ቀለሙን አሁን አሳዪኝ።»

ያምሮት በካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ሁለት ራሞች ሱቁ ውስጥ ባለው መሞከሪያ ኮምፒውተር ላይ ሰክታ ስክሪኑ ላይ የቀለም ሰሌዳ ከፈተች። መጀመሪያ ሰማያዊ አደረገችው፤ ለሴት ያምራል ብላ ሐምራዊም ሞከረች። ንግሥቴ ራሷን ነቀነቀች። ከቦርሳዋ ጥግ አንድ ደረቅ ዛላ በርበሬ አወጣችና ከመብራቱ ጎን ያዘችው። ነጋዴ ናሙና ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም። ያምሮት ቀይ አደረገችው።

«ይኼ ውሃ የነካው ነው» አለች ንግሥቴ። ያምሮት አጠቆረችው። «ይኼ ደግሞ ያረጀ ነው፤ ሁለት ክረምት የከረመ። ይህን ብሸጥልሽ ወጥሽ ይጠቁራል።» ያምሮት ቢጫውን በጥቂቱ ከፍ አደረገች፣ ዝቅ አደረገች፣ አንዴ ወደ ዛላው አንዴ ወደ መብራቱ እያየች። አንድ ደንበኛ ገብቶ ቻርጀር ጠየቀ፤ ሁለቱም አልመለሱለትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብርሃኑና ዛላው አንድ ሆኑ፤ ፀሐይ ላይ ደህና ሆኖ የደረቀ፣ ሲሰበር ቀጭ የሚል በርበሬ ቀይ። ንግሥቴ ዛላውን ዝቅ አደረገች።  ከዚያ ያምሮት የቀለሙን ቁጥር በንግሥቴ ስልክ ፎቶ አነሣችላት፣ ፕሮግራሙንም በፍላሽ ሰጠቻት።

ዋጋ ላይ ብዙ አልተከራከሩም። ያምሮት ሃያ ሁለት ሺህ አለች፣ ንግሥቴ አሥራ ስምንት አለች፤ ስለ ዶላሩና ስለ መንገዱ ጥቂት ተማርረው ሃያ ላይ ተጨባበጡ። ያምሮት ራሙን እንዴት እንደምትሰካው አስተማረቻት፤ መብራት መንቀል፣ ከሰውነት የሚወጣ ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳው ብረት መንካት፣ ጠርዙን መያዝ፣ አንዱን ክፍተት ዘልሎ ማስገባት፣ ቀጭ እስኪል መጫን። «አይፍሩ» አለቻት። «ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ፈርቶ ሳይጫነው ሲቀር ነው።»

ከጎን ለባጃጅ ስቲከር የሚቆርጥ ሱቅ ነበር። ያምሮት ብርሃን የሚያሳልፉትን ሁለት ሽፋኖች ይዛ አብራት ሄደች። ጥቁር ስቲከር ይለጠፍበታል፣ ፊደሉ ተቆርጦ ይወጣል፣ ብርሃኑ በፊደሉ በኩል ያልፋል። ሠራተኛው ምን ይጻፍ ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ የኳስ ቡድን ነው የሚያስጽፉ፣ አንዳንዱም ስሙን። ንግሥቴ ጋቢና ውስጥ ሆና ከኋላቸው አቧራ የበላችባቸውን የጭነት መኪናዎች ሁሉ አሰበች። የቅዱሳን ስም፣ ማስጠንቀቂያ፣ ምስጋና፣ ሽሙጥ ነበረባቸው። ሁሉም ጽሑፍ የሌላ ሰው ነበር።

«ዳር ያዙ በልልኝ» አለች። «በአንዱ ላይ ዳር፣ በሌላው ላይ ያዙ።»

ቤት ስትደርስ የምሳ ሰዓት አልፏል። ምራቷ ሽሮውን ከድና ትጠብቅ ነበር። ይታገሱ ከሥራ መጥቷል፤ ባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። «ብሉ፣ እኔ ጥቂት ሥራ አለብኝ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን ግን እንደ ወትሮው አልዘጋችውም። ሽፋኑን ገፈፈች፣ መብራቱን ነቀለች፣ የመስታወቱን ብሎን ፈታች። የበርበሬው ብናኝ ሆዱ ውስጥ ድረስ ገብቶ ነበርና ሦስት ጊዜ አስነጠሳት። በአሮጌ የቅባት ብሩሽ ጠርጋ የድሮውን ራም አወጣች፤ ከጣቷ ብዙም የማይበልጥ ቀጭን ነገር ነው። በእሱ ምትክ አንዱን ክፍተት ዘልላ አዲሶቹን አስገባች። መስታወቱን ሳትመልስ አበራችው። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ቀና ስትል ልጇና ወንድሟ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ምሳውን ሳይበሉ ተነሥተው መጥተዋል።

«ተበላሸ?» አለ ይታገሱ። ድምፁ ውስጥ ሐዘን አልነበረም፤ እፎይታ የሚመስል ነገር ነበር። ባዬም ይህ መልካም አጋጣሚ መስሎት ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ፣ እንዲያውም ስለዚህ ነገር ላናግርሽ ነበር...»

«ትንሽ ይታገሡኝ ወንድም ጋሼ» አለች። ሃያ ሺህ ብር በገዛ እጄ አቃጠልኩ ይሆን? ብላ አሰበች። ከዚያ የያምሮት ቃል ትዝ አላት። ስትሰካው እንደ ዕንቁላል አባብላ ነበር የያዘችው። መብራቱን አጠፋች፣ ነቀለች፣ አውራ ጣቶቿን አናቱ ላይ አሳርፋ ጆንያ እንደምትረግጥ አድርጋ ተጫነችው። ቀጭ አለ። ሁለተኛውም ቀጭ አለ። ስታበራው ስክሪኑ ነቃ፤ ራሞቹም መጀመሪያ የቀስተ ደመና ቀለም ተረጫጩ፤ ፍላሹን ሰክታ ከስልኳ ላይ ቁጥሩን ስትገለብጥ ግን ሁሉም ወደ አንድ ተሰበሰበ። ጆንያዎቹ የተደረደሩበት ጨለማ ጥግ ቀላ።

ባዬ ሳያውቀው ሁለት እርምጃ ገብቶ ነበር። ራሞቹ ቆመው ስለተሰኩ ጽሑፉ ተጋድሟል፤ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ሰው ነውና አንገቱን ወደ ትከሻው አዘንብሎ ፊደሉን አንድ በአንድ አነበበው። «ዳር... ያዙ» አለ። ቀና አለና እህቱን አያት። «ለማን ነው ይኼ?»

«መንገድ ለሚዘጋ ሁሉ» አለች ንግሥቴ።

 ውጭ ምራቷ የሽሮውን ድስት ክዳን ስታነሣና ስትመልስ ይሰማል። ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለባዬ ነው፤ ጋቢውን አስተካከለ፣ ጆንያዎቹን አየ፣ የሚቆጥራቸው መሰለ። ይታገሱ ግን ፊቱ ቀላ፤ ከመብራቱ ይሁን ከራሱ አይታወቅም። «ጠዋት ሰምተሽ ነበር?» አላት።

«የጓዳው ግድግዳ ጭቃ ነው ልጄ። እዚያ ጥግ ቁጭ ብዬ ስንት ነገር ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ይህን ግን ዝም አልልም።» መስታወቱን መልሳ ብሎኑን እያጠበቀች ነበር፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አለበል ኮምፒውተር ካስፈለገው መጥቶ ይጠይቀኝ። የወንድሜ ልጅ ነው፤ ለትምህርቱ የሚሆን አብረን እንፈልጋለን። ይኼ ግን የእኔ ነው። ሳልሰጥ አይወሰድም። ሰው ምን ይላል ላልከው፣ ሰው ይምጣና ይይ። በሩ ከዛሬ ጀምሮ አይዘጋም።»

 ይታገሱ ይቅርታ የሚባለውን ቃል እናቱ ፊት ተናግሮ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ እሷም አልጠበቀችም። ከአልጋው ሥር በርጩማውን ስቦ አወጣና ለአጎቱ አስቀመጠለት። ራሱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ተነሥቶ አለመሄዱ ለንግሥቴ በቃት።

መሪውን ያዘች። አርባ ቶኑን ጭና ከከተማው ወጣች፣ ሜዳውን አለፈች፣ ዳገቱ ሥር ደረሰች። ልጇ ከጎኗ ሆኖ እጇን ያይ ነበር፤ ማርሽ ስታወርድ፣ መስታወት ስታይ፣ ከኋላ የመጣውን ትንሽ መኪና መብራት ሰጥታ ስታሳልፍ። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አላት በቀስታ። «ሠላሳ ዓመት ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ሌላ ምን አይ ነበር?» አለችው። ዝናቡ ጀመረ። መጥረጊያው ተነሣ። ዘወትር የሚቆምባት ጥምዝ መጣ፤ ትንፋሿን ያዘች፤ ስክሪኑ አልቆመም። ዝናቡ እየወረደ፣ መንገዱ እየተጠመዘዘ፣ መኪናው እያቃሰተ ወጣ። ባዬ የበርጩማውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። ገደሉ በግራ በኩል ብቅ ሲል ሰውነቱ ሁሉ ወደ ቀኝ አዘመመ። «ቀስ በይ!» አለ። «ኧረ ቀስ፣ ጭነት ይዘሽ!» ይታገሱ ሳቀ። ከዚያ ንግሥቴም ሳቀች፤ ዓይኗን ግን ከመንገዱ አላነሣችም።

የሽንዲው የመጨረሻ መኪና የሚወጣበት ሰዓት ደረሰ። ባዬ መነሣት ነበረበት፤ ተነሥቶም ጥቂት ቆመ፣ ተራራው አናት ላይ እስክትደርስ። «አለበልን ራሱ መጥቶ ያናግራት እለዋለሁ» አለ፣ ለይታገሱ የሚናገር መስሎ። በትሩን ያዘ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። ስክሪኑ ላይ ዝናቡ አባርቶ ቁልቁለቱ ተዘርግቷል፤ ከታች ከሩቅ የአንድ ከተማ መብራት ይታያል።

«በሰላም ያግባሽ» አላት።

«አሜን፣ እርስዎንም» አለች ንግሥቴ፤ ማርሹን አውርዳ ቁልቁለቱን ጀመረች።